ትንሽ ቀረው የሠራው በር

ከጣሪያ በታች የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ቢወድም ባይወድም፣ አንድ ቀን ከዚህ ሰው እጅ ይወድቃል። ቤት ሠርታችሁ ወይም አሳድሳችሁ የምታውቁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሥራውን ሳያንገራግር ይጀምራል። ከዐሥሩ እጅ ዘጠኙን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሠራዋል። ከዚያ እርሳሱን ጆሮው ላይ ይሰካና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ አንገቱንም ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ያቺን ዐረፍተ ነገር ይናገራል።

«ትንሽ ነገር ናት የቀረችው።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ብዙ አደገኛ ዐረፍተ ነገሮችን ሰምቻለሁ። «ደብተሬን ቤት ረሳሁት» የሚለውን አውቀዋለሁ፤ «እሱ ነው የጀመረኝ» የሚለውንም እንዲሁ። እንደዚህች ያለች ግን አላጋጠመችኝም። ባለቤት አላት፣ ማሰሪያ አንቀጽ አላት፣ ሰዋስዋዊ ነውር አይገኝባትም። የሚጎድላት ቀን ብቻ ነው።

በእኛ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዘው አናጢ ሊቀ ጠበብት ትንሽ ቀረው ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለ፤ ሁለት ዓመት ከስም መጥሪያ ላይ ስጠራው ስለኖርሁ እኔ አልረሳሁትም። ሰፈሩ ግን ከረሳው ቆይቷል። የፋርማሲስቱን ደረጃ የሠራው እሱ ነው። ዐሥራ አራቱ መርገጫዎች አንዱ ከአንዱ በፀጉር አይበላለጡም፤ የዐሥራ አምስተኛው እንጨት ግን ከአራት ዓመት ወዲህ «እየደረቀ» ነው። ፋርማሲስቱ እንግዳ ሲመጣበት ከላይ ቆሞ «የመጨረሻዋን ዝለሏት» እያለ ይቀበላል። የልብስ ሰፊዋ ቁም ሣጥን አምስት መሳቢያና አራት እጀታ አለው፤ አምስተኛውን በመቀስ ጫፍ ትከፍተዋለች። የጡረተኛው ሹፌር አጥርም የአንድ ጣውላ ስፋት ጎድሎታል፤ የሹፌሩ ዶሮዎች ያንን ክፍተት በቃላቸው ያውቁታል።

ታዲያ ለምን ትጠሩታላችሁ ትሉኝ ይሆናል። መከራችን እዚህ ላይ ነው፤ እሱን የሚያህል አናጢ የለም። እሱ ያገናኘው እንጨት መጋጠሚያው በጥፍር ሲፈለግ አይገኝም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ አባረነው እናርፍ ነበር።

የእኔና የእሱ ትውውቅ ከእንጨቱ ይቀድማል። ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ሳለ አስተምሬዋለሁ። በፈተና ቀን ወረቀቱን አላስረክብ የሚል ልጅ በየክፍሉ አንድ አይጠፋም፤ የእሱ ግን ከሁሉም ይብስ ነበር። ደወሉ ይደወላል፣ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፣ እሱ አቀርቅሮ ይጽፋል። «አስረክብ» እለዋለሁ። «ትንሽ ነገር ናት የቀረችኝ፣ ቲቸር» ይለኛል። እኔ ከደወል በኋላ ለማንም ተማሪ አንዲት ደቂቃ ጨምሬ አላውቅም፤ ይህንንም በኩራት ሳወራው ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜ ወረቀቱን ከእጁ ስስበው ጫፉ ተቀደደና መዳፉ ውስጥ ቀረ። በዚያች ቁራጭ ላይ ምን ጽፎ እንደ ነበር አልጠየቅሁትም። ያረምሁት እጄ የገባውን ነው።

ወደ በሩ ልመለስ።

ባለቤቴን በዚህ ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፤ አንደበቱም ቃላትን አንድ በአንድ እየለቀመ መናገር ጀመረ። ሆስፒታል በቆየበት ሁለት ወር ተኩል ውስጥ መጸዳጃ ቤት በገባ ቁጥር አንድ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ይዞ ይቆምለት ነበር። አንዳንዴ ነርሷ ትይዝለታለች፣ አንዳንዴ እኔ፤ አንድ ቀን የያዘለት ሌላ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ የማናውቀው ሰው ነው። ሐኪሙ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ቤቱ ይገባል ያለን ዕለት፣ ምን እንዲዘጋጅለት እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። የሚወደውን ምግብ ይጠራል ብዬ ነበር። ቃሉን እስኪያገኝ ቆየ።

«በሩን» አለኝ። «በሩን... እኔ ልዝጋው።»

ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም።

የመኝታ ቤታችን መጸዳጃ በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩ ከገባ በሩ አይዘጋም፤ በሩ ከተዘጋ ወንበሩ አይገባም። ወደ ውጭ እንዳይከፈት ደግሞ አልጋው አለ። እትዬ የምላቸው የባለቤቴ ታላቅ እኅት ይህን ችግር በአንድ ትንፋሽ ፈቱት።

«መጋረጃ ስቀይና ተገላገይ» አሉኝ። «እቤቱ ውስጥ ለታመመ ሰው ምን በር ያስፈልገዋል? ማን ሊያየው ነው?»

«እሱ ራሱ ያየዋላ፣ እትዬ» አልኋቸው።

ሊቁ ትንሽ ቀረው ተጠራ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮውን ለጠፈበት፤ ደረት የሚያዳምጥ ሐኪም ነው የመሰለኝ።

«ኪስ በር ነው የሚያስፈልገው፣ ቲቸር» አለ።

«መምህርት በል።»

«እሺ፣ ቲቸር። ጡቡን አንነካውም። ፊት ለፊቱ ሌላ ቀጭን ግድግዳ አቆማለሁ፤ በመሀላቸው ክፍት ይሆናል፣ እሱ ኪሱ ነው። በሩ እንደ መሐረብ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ሲፈለግ ይወጣል። የሚወዛወዝ ነገር የለም፤ ለወንበሩም ሙሉ ስፋቱ ይተርፋል።»

በግራ በኩል መስኮት ስለ ነበር ኪሱ በቀኝ እንዲሆን ተስማማን። ከዚያ የመምረጥ ዘመን ገባ። አራት ቀን ፈጀ። ብርሃን እንዲያስገባ ደብዛዛ መስታወት ይሁን ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ፣ ጠመኔ እንደ በላ ልጅ አየኝ። «ጥላው የሚታይ ከሆነ ጋሼ ተዘጋልኝ አይልም» አለ፤ እውነቱን ነበር። ባለ ሁለት ክንፍም አልወደደም። «አንዱን ሲዘጋ አንዱ ይቀረዋል።» የሚቀር ነገር የሚያሳስበው መሆኑን ያን ዕለት ሰማሁ። በሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ከላይ እንዲሆን ወሰነ፤ ወለሉ ላይ ከተደረገ ጎማው ይሰናከላልና። ለመንኮራኩሮቹ ግን ሱቅ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ሳጥኑን አስወረደና አንድ በአንድ በጣቱ እያሾረ በጆሮው አዳመጣቸው። «ይቺ ታጉረመርማለች» እያለ ይመልሳል። «ይቺ ደግሞ ታፏጫለች።» ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ እሱም ማዳመጥ ጀመረ። ሃያ ስድስት መንኮራኩር ሰምተን አራት ገዛን።

ሥራው ሲጀመር ግን እውነቱን ልመስክር፤ ያምራል። አሮጌው በር በአንድ ጠዋት ተነቀለ። ቀጭኑ ግድግዳ ቆመ፣ ጂፕሰሙ ተለበጠ፣ በስምንተኛው ቀን በሩ ተንጠለጠለ። በአንድ ጣት ገፋሁት፤ ኮሽታ ሳያሰማ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ደስታ አሳሳተኝና «አለቀ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አንገቱም ወደ ግራ ዘንበል አለ።

በዘጠነኛው ቀን የቀረችው ትንሽ ነገር የበሩ ጠርዝ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ በአሸዋ ወረቀት ሲያሻት ዋለ። በዐሥረኛው በሩ «ይተነፍሳል» ብሎ አወረደው። በዐሥራ አንደኛው መልሶ ሰቀለው፣ መተንፈሱን ግን አልተወም አለ። በዐሥራ ሁለተኛው ከአሮጌው ግድግዳ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ፍለጋ ወጥቶ ያለ ቀለም ተመለሰ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ጭራሽ ምንም አልሠራም። የምግብ ጠረጴዛዬን ወንበር ጎትቶ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«እያሰብኩ ነው።»

«ሰው ማሰብ ከፈለገ ቤቱ ተቀምጦ ያስባል።»

«ቤቴ ነፋስ ይገባል፣ ቲቸር። በሩን ገና አልገጠምኩትም። ትንሽ ነገር ናት የቀረችው።»

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ባለቤቴ ገና ከበሩ ስገባ ዐይኖቹን ይተክልብኛል። «በሩስ?» ይለኛል። ሦስት ፊደል ናት፤ ለእሱ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነበረች። እኔ በሕይወቴ ውሸትን አስተምሬ አላውቅም፤ ተናግሬም የማውቀው ጥቂት ነው። እውነቱን እንዳልነግረው ደግሞ እውነቱ ራሱ ምን እንደ ሆነ አላውቀውም። ሰኞ ዕለት እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፤ አፌን ስከፍት የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው።

«ትንሽ ነገር ናት የቀረችው» አልሁት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሱም ሰፈርተኛ ነውና አባባሉን ያውቀዋል።

ረቡዕ የተቀባው ቀለም ሐሙስ ዕለት ደረቀ። በሩን ቆሜ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ከፈትሁ፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ዘጋሁ። እንከን አልነበረውም። የቀረን አንድ ቀን ነው፤ ሊቁ ግን ጥግ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ቅር እያለኝ ነው። ምን እንደሆነ እንጃ። ትንሽ ነገር...»

እጄን ዘረጋሁ። «አስረክብ» አልሁት።

አልገባውም። ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ ነቅዬ ወሰድሁ። ዕቃውን ሰብስቦ፣ ትከሻውን ጥሎ ወጣ። እርሳሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ያን ዕለት እንደ መምህር ተደሰትሁ፤ እንደ ሰው ግን የተሰማኝ ሌላ ነው።

ዓርብ ጠዋት የመውጫ ወረቀቶቹን ላስፈርም ሆስፒታል ሄጄ አራት ሰዓት ላይ ተመለስሁ። ከአጥሩ በር ሳልደርስ መዶሻ ሰማሁ። እትዬ መጋረጃቸውን ከነዘንጉ ይዘው መጥተው ኖሯል፤ ከኋላቸው የመጣውንም ሰው ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

አዲሱ ግድግዳ በቀኝ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር እስከ ወገብ፣ ተቀድዷል። ጂፕሰሙ እንደ ዱቄት አልጋውን ሸፍኖታል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ይመጣል። አቧራው ላይ ተቀመጥሁ። አልጮኽሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጮኽሁበት ድምፅ የት እንደ ሄደ አላውቅም። መጋረጃው ከእትዬ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁትና፣ እሺ፣ መጋረጃ ይሁን፣ ብዬ በልቤ ተስማማሁ። ባለቤቴ ከእንግዲህ ሁልጊዜ ሰው ይቆምለታል ማለት ነው። ይኸው ነው።

«ቲቸር» የሚል ድምፅ ከመጸዳጃው ውስጥ መጣ። «አንዴ ይምጡ።»

ሊቁ ወንበሬን እዚያ አስገብቶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ቀኝ እጁን ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦታል።

«ጋሼ ሲገባ ፊቱ ወዴት ነው?»

«ወደ ውስጥ ነዋ።»

«ወንበሩን እዚህ ማዞር ይችላል?»

ክፍሉን አየሁት። ለወንበሩ ቁመት እንጂ ለመዞሪያው ቦታ የለም።

«አይችልም።»

«በሩ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከቀኝ...» ብዬ ጀመርሁና ዘወር ብዬ በሩን አየሁት።

ከቀኝ፣ ከኋላው ነው የሚመጣው። የሞተው እጁ ባለበት በኩል። የወንበሩን ስፋት ለክተናል፣ የመድረኩን ከፍታ ለክተናል፣ የመንኮራኩሩን ድምፅ ሳይቀር ሰምተናል። ዐሥራ ሁለት ጊዜ የሞከርሁትም እኔው ነኝ፤ ቆሜ፣ በቀኝ እጄ።

«መቼ ነው የገባህ?»

«ዛሬ ጠዋት። እጄን እንዲህ ሸጉጬ በር ልዘጋ ሞከርኩ።»

«ቤትህ በር የለውም አላልኸኝም?»

«በጎረቤቴ በር ነው የሞከርኩት። አበደ ብለው ልጆቻቸውን አስገቡ።» እጁን ከቀበቶው አላወጣም። «ኪሱን ወደ ግራ ማዞር አንችልም፣ መስኮት አለ። እዚህ ግራ ገብቶኝ ስቆም የእትዬን መጋረጃ አየሁት። ገመድ አለው አይደል? አንዱን ሲስቡት ይዘጋል፣ አንዱን ሲስቡት ይከፈታል። በሩንም እንደዚያ ገመድ ይጎትተዋል። ጫፎቹ በግራ በኩል ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። ግን ገመዱ የሚዞርበት አንደኛው መዘውር ኪሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰረው። እሱ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ነው።»

«ስለዚህ ቀደድኸው።»

«ስለዚህ ቀደድኩት።»

«መጋረጃ ይበቃል አላልኩም ነበር?» አሉ እትዬ፤ ገመዱ ተወስዶባቸው ጨርቁን ብቻ ታቅፈው ቆመዋል።

«እስከ ነገ ይደርሳል?» አልሁት።

«ትንሽ ነገር ናት የቀረችው» አለ። ሲናገራት ዐይኔን አላየኝም።

ወደ ሳሎን ሄጄ መሳቢያውን ከፈትሁና እርሳሱን አምጥቼ ሰጠሁት። ጆሮው ላይ መልሶ ሰካው።

ቀኑን ሙሉ ልኩን በእኔ ላይ ወሰደ። «ይቀመጡ። ቀኝ እጅዎን ይርሱት። ግራውን ይዘርጉ። አይመልከቱ፣ በእጅዎ ይፈልጉት።» አዘዘኝ፤ እኔም ታዘዝሁ። ሁለት መያዣ ከእንጨት ጠርቦ በገመዱ ጫፎች ላይ አሰረ። የሚዘጋው ክብ ነው፣ የሚከፍተው ባለ አራት ማዕዘን፤ እጅ ያለ ዐይን እንዲለያቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ እጄ ስስበው በሩ መሀል ላይ ቆመ። ለሁለተኛ ጊዜም ቆመ። ከዚያ በኋላ መቁጠሬን ተውሁት።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤቴ በጡረተኛው ሹፌር መኪና መጣ። አቧራውን ጠርገን ነበር፤ የግድግዳውን ቀዳዳ ግን የሚጠርገው የለም። ባለቤቴ ቀዳዳውን አየ፣ ቀጥሎ ፀጉሩ በጂፕሰም የነጣውን ሰው አየ።

«አልጨረስህም» አለው ቀስ ብሎ።

«ትንሽ ነገር...» አለ ሊቁና ቀዳዳውን በጀርባው ሊከልል ሞከረ።

ወንበሩን ገፍቼ እስከ ውስጥ አደረስሁት፤ እጄን አነሳሁና ወጣሁ። እትዬ፣ ሊቁና እኔ ውጭ ቆምን። የግራ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲሄድ ይታየናል። ባለ አራት ማዕዘኑን ያዘ፣ ለቀቀው፣ ክቡን አገኘ። ሳበ። በሩ ከግድግዳው ወጥቶ፣ ዝም ብሎ፣ እንደ ጥላ መጣ። ሦስት ጣት ሲቀረው ቆመ።

እግሬ ተራመደ። ሊቁ እጅጌዬን ያዘኝ።

«ይቆዩ» አለኝ በሹክሹክታ። «ይቆዩ፣ መምህርት።»

ከውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ገመዱ ተወጠረ፣ ላላ፣ እንደ ገና ተወጠረ። ሦስቱ ጣት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አንድ ሆነ። በሩ መቃኑን ነክቶ ተዘጋ።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ባለቤቴ ብቻውን ሆነ።

እትዬ ዐይናቸውን በመጋረጃው ጨርቅ አበሱ። ጊዜው ሄደ። ከወዲያ ምንም አይሰማም። ውኃ እንኳ አይሰማም። ምናልባት ዝም ብሎ የተዘጋ በር እያየ ተቀምጦ ይሆናል።

«ምነው ቆየ?» አሉ እትዬ እጃቸውን ለማንኳኳት ሲያነሱ። «ልጥራው እንዴ?»

እጃቸውን በቀስታ ወደ ታች መለስሁት።

«ጊዜ አለው» አልኋቸው።

ይህችን ዐረፍተ ነገር ከአፌ የሰማ ተማሪ የለም። ሊቁ ቀና ብሎ አየኝ። እርሳሱን ይዞ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ ቀዳዳው ሥር ቆሟል።

«አንተም» አልሁት።

ቀዳዳው ይኸው ሰባት ወሩ ነው።